ውሻ በቀደደው

ያረጀ ውሻ፣ የሚያፈስ ጣሪያና ደመወዝ የሌለው ሥራ በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉዎት ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለዎት ግን ተመስገን ብለው ወደ ጣና ዳር ይውጡና ማኪያቶዎን ይጠጡ፤ የቀረነው ሥራ አለን።

መካሪ ሲመክር ማንነቱ ይጠየቃል። እኔ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ከአባቴ በወረስኩት ጭቃ ቤት ተቀምጬ ለውጭ አገር ደንበኞች ጽሑፍ እተረጉማለሁ። ሥራው ፍሪላንስ ይባላል። ጎረቤቴ እማማ «ቤት የሚውለው ልጅ» ይሉኛል፤ ከእኔ የተሻሉ ተርጓሚ ናቸው። ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው። ድሮ ሰው ከጎረቤቱ ሲቀያየም እንደሚያደርገው መልእክቱን በውሻ ስም ላከ፤ በቀን አሥር ጊዜ ወደ አጥሩ ዞሮ «መቻል! መቻል!» እያለ ይጣራ ነበር። ባላንጣው ሰፈሩን ከለቀቀ ቆየ። አባቴም አረፈ። መልእክቱ ግን ተቀባይ አላጣም፤ አሁን ስጣራ የምሰማው እኔው ነኝ።

ምክር አንድ፦ የውሻዎን ዕድሜ በትክክል ያስሉ።

የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት ነው የሚለውን ሒሳብ ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2020 በላብራዶር ውሾች ላይ የወጣ ጥናት ውሻ መጀመሪያ ላይ ገስግሶ፣ ኋላ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚያረጅ አሳይቷል። በዚያ ቀመር የአንድ ዓመት ውሻ የ31 ዓመት ሰው ያህል ነው፤ የ13 ዓመት ውሻ ደግሞ የ72። መቻል ላብራዶር አይደለም፣ የሰፈር ውሻ ነው። ግን ዕድሜው 13 ነውና ሒሳቡን ሠርቼ ደነገጥኩ። የ72 ዓመት አዛውንትን «ና! ሂድ! ዞር በል!» እያልኩ ስኖር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

መቻል ዓይናቸው ሰማያዊ ጭጋግ ለብሷል፣ ጆሯቸውም ከሥራ ከተሰናበተ ቆይቷል። አፍንጫቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ውሻ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ማሽተቱ ከሁሉም በኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሌባ ቢመጣ ተኝተው ያሳልፉታል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ስጀምር ግን ተነስተው ይጮኻሉ፤ ስብሰባው እማማ ቡና ከሚቆሉበት ሰዓት ጋር ይገጥማላ! ደንበኞቼ የቤቴን ጸጥታ አስከባሪ ያደንቃሉ።

ወገባቸው ሲይዛቸው ለእርስዎ ወገብ የታዘዘውን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አያካፍሏቸው። ለሰው የሚሆነው ኪኒን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻል፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና ይቅር። አርጅተዋል ብለውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን አያስታጉሉ። በክረምት ቤት ውስጥ ማስተኛት ካማረዎት ጎረቤት ምን እንደሚል አስቀድመው ይወቁ። እኔ ባለፈው ሐምሌ ኮሪደሩ ላይ ጆንያ ሳነጥፍላቸው እማማ አዩኝና «ጃንሆይም ከውሻቸው ከሉሉ ጋር እንዲህ ነበሩ፤ ግን ቤተ መንግሥታቸው አያፈስም ነበር» አሉ።

ምክር ሁለት፦ ጣሪያ የሚታደሰው በሚያዝያ ነው።

ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያደርገውም። በሚያዝያ ጣሪያው ደረቅ ነው፣ ኪስም እንደዚያው። በሐምሌ ክፍያ ሲገባ ጣሪያው ላይ መውጣት ከጣና መሐል ምስማር እንደ መምታት ነው። እስከዚያው ሳፋ ይደቅኑና ጠብታው የሚወርድበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያክብቡ። ላፕቶፕዎን ከክቡ ውጭ ያስቀምጡ። በማግስቱ ጠብታው ክቡን ትቶ ላፕቶፑን ይከተላል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ቆርቆሮ ሲገዙ ጌጁን ይጠይቁ። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ28 ይበልጣል ብሎ ደስ ብሎት የገዛ ሰው ጣሪያውን በነፋስ ጊዜ ከጎረቤት ግቢ ይለቅማል። ምስማር ከጉብታው ላይ እንጂ ውሃ ከሚሄድበት ቦይ ላይ አይመታም። በትክክል ቢመታም ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ እየተለጠጠ ሌሊት በብርድ እየተኮማተረ ምስማሩን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ስለዚህ ጣሪያ ተሠርቶ አለቀ አይባልም፤ ለጊዜው ዝም አለ ነው የሚባለው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ እኔና መሰሎቼ አንድ ሌሊት ሀብታም ሆነን አድረን ነበር። ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ አዲስ ጣሪያ ስከድን አደርኩ። ጠዋት ቆርቆሮ ሻጩ ዘንድ ስደርስ እሱም ዜናውን ሰምቷል።

አናጢው «ነገ በጠዋት» ብሎዎት ሳምንት ቢጠፋ አይቆጡት። እሱም ፍሪላንሰር ነው። «ነገ በጠዋት» የሚለው፣ እርስዎ ለደንበኛዎ «እያጠናቀቅኩት ነው» ብለው የሚጽፉት ቃል ነው፤ ትርጉሙ «ገና አልጀመርኩም» ማለት ነው። በሙያዬ አረጋግጣለሁ።

ምክር ሦስት፦ ሰዓትዎን ከደንበኛዎ ሰዓት ያፋቱ።

የኒውዮርክ ደንበኛ «ከሰዓት በኋላ 5» ሲል እርስዎ አምስት ሰዓት መስሎዎት ረፋድ ላይ እንዳይሮጡ። በእነሱ በጋ ያ ሰዓት የእኛ ስድስት ሰዓት ሌሊት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ ሰባት፣ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዟዙሩታልና። እኛ ፀሐይ ስትወጣ ቆጠራ የምንጀምር ሰዎች ይህን ዓይነት ሥርዓት አልበኝነት አንለምድም። ደንበኛው ታኅሣሥ ላይ «መልካም አዲስ ዓመት» ቢልዎት ይመርቁት፤ እርስዎ ጳጉሜን ላይ ለማስረከብ ቃል ሲገቡለት ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ፈጥረው ጊዜ ያራዘሙ ይመስለዋል።

እውነትንም ሲናገሩ መጠን ይኑርዎት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ላፕቶፔን ታቅፌ የሽቦ መስመር ያለው ሰው ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። በስንት ልመና ገብቼ ለአንዱ ደንበኛ «የክልሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አላመነኝም፤ አንድ ክልል ሙሉ እንዴት ይዘጋል አለ። ለሁለተኛው «ሌሊት በአጥሩ ጅብ ገብቶ ነው» አልኩት። ወዲያው አመነና ደኅንነቴን ጠየቀ። ውሸት መምከሬ አይደለም፤ አንዳንድ እውነት ተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ለማሳሰብ ነው።

ምክር አራት፦ ከታንኳ ይማሩ።

ሥራ ሲደራረብብዎት ጠዋት ወደ ሐይቁ ይውረዱ። መቻልን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለታችሁም መራመድ ያስፈልጋችኋል። ከደንገል የተሠራችውን ታንኳ ይመልከቱ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳዋ ስትውል ትከብዳለች፣ ስለዚህ ባለቤቷ ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል። ሳያደርቃት ደጋግሞ ቢጭንባት ትበሰብሳለች። ቢንከባከባትም ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ስታበቃ ከዚያው ዳር ደንገል አጭዶ ሌላ ያስራል። «ታንኳዬ ለምን ዘላለማዊ አልሆነችም» ብሎ የሚያዝን ባለታንኳ አላየሁም። እኛ ግን በሳምንት ሰባት ቀን ውሃ ውስጥ ነን፤ ከዚያ ወገቤን አመመኝ እንላለን፣ ከዚያ ኪኒኑን ከውሻ ጋር ልንካፈል ያምረናል።

ምክር አምስት፣ የመጨረሻውና ዋናው፦ የትኛውን ቀዳዳ እንደማይደፍኑ ይወቁ።

ትልቅ ትርጉም የሚረከቡበት ሳምንት ሲመጣ ቤትዎ ድንገት እድሳት ያስፈልገዋል። ዓመት ሙሉ ያላዩት በር ይንጫጫል፣ ዓመት ሙሉ የኖረ ስንጥቅ ጭቃና ጭድ ይጣራል። እኔን ባለፈው ግንቦት የጠራኝ የአጥሩ ጥግ ነበር። መቻል በጉርምስናቸው የዛገውን ቆርቆሮ ቀደው ወደ ሥጋ ቤቱ የሚወጡባት ሽንቁር አለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላልና ትርጉሙን ትቼ ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ ባለ 28 ጌጅ፣ በአዲሱ ዋጋ። ኮራሁበት።

በማግስቱ መቻል እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ታክከው ሄዱና ግንባራቸውን በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ አሳረፉ። ዓይን የላቸውም፣ ጆሮ የላቸውም፤ ግቢውን የሚያውቁት በአፍንጫና በልማድ ነው። ቆሙ። ሁለተኛውም ቀን፣ ሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረቻቸው መውጣቷ ብቻ ናት።

በአራተኛው ቀን የቆርቆሮ መቀስ ተውሼ ያንን ውድ ቆርቆሮ በገዛ እጄ ቀደድኩት፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣቸውም ወደ ውጭ አጠፍኩት። ትርጉሙን በሁለት ቀን አዘግይቼ አስረከብኩ። ደንበኛው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ጅቡን በድጋሚ ጠቀስኩ።

ጅቡ እስካሁን አልመጣም። በሽንቁሯ የገባው እማማ በቅርቡ ያመጡት ቡችላ ነው። መቻል አሸተቱት፣ አሰቡበት፣ ከጆንያቸው ግማሹን ለቀቁለት። አሁን እሳቸው በአፍንጫ ያውቃሉ፣ እሱ ይጮኻል።

ለእማማ ስሙን ማን እንዳሉት ጠየቅኳቸው። ጣሪያዬን ቀና ብለው አዩ፣ ፒጃማዬን አዩ፣ «እስከመቼ» አሉ።

በቀን አሥር ጊዜ ወደ አጥሩ ዞረው «እስከመቼ! እስከመቼ!» እያሉ ይጣራሉ። እኔም ከወዲህ ማዶ ሆኜ «መቻል! መቻል!» እላለሁ።