ነገረ ሞደም ወራውተር

በወልዲያ ከተማና በሐብሩ ወረዳ፥ ይልቁንም በመርሳ፥ ዋይፋይ ያስገባ አባወራ ሁሉ ኢንተርኔቱ በተጐተተ ጊዜ ጥፋቱን በአቅራቢው፥ አቅራቢው ከጸዳ በዝናቡ፥ ዝናቡም ካልዘነበ ፓስወርዱን ባወቀው የጎረቤት ልጅ ላይ ሲያላክክ ይሰማል እንጂ፥ የዋይፋዩን ሣጥን ያስቀመጠበትን ቡፌ የጠረጠረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሲሪንቃው የግብርና ምርምር ማዕከልም ለማሽላ ዘር እንጂ ለቡፌ የተቋቋመ ስላልሆነ፥ ይህን የጐደለ የዕውቀት ክፍል በአቅማችን ለመሙላት ተነሣን።

ታሪኩ አጭር ነው። ኢንተርኔት በሀገራችን አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዋይፋይን ሥርዓት የደነገገው 802.11 የተባለው ቀኖናም የጸደቀው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው፤ ሁለቱ እኩዮች ናቸው፥ በየሳሎናችን ለመገናኘት ግን ብዙ ዘመን ፈጁ።

ኢትዮ ቴሌኮም ለቤት ደንበኛ የሚያስገባው ሣጥን፥ ሰው በልማድ ሞደም ይበለው እንጂ፥ በውስጡ ሁለት ግብር አለው፤ ይኸውም ከውጭ በገመድ የመጣውን ምልክት ተቀብሎ የሚተረጉመው ሞደም፥ የተተረጐመውንም ለስልኩ፥ ለቴሌቪዥኑና ለኮምፒዩተሩ የሚያድለው ራውተር ነው። በወሎ ምድር ሁለት ልደት፥ ሦስት ልደት እያሉ መናገር ጥንቃቄ እንደሚሻ፥ የቦሩ ሜዳ ጉባኤም ያን የሃይማኖት ክርክር በ1870 ዓ.ም. እንደ ቈረጠው ስለምናውቅ፥ እኛ የምንናገረው ስለ ሣጥን ብቻ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህ ሣጥን በአብዛኛው ቤት የሚኖረው በቡፌው ውስጥ፥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፥ የእንግዳ ብርጭቆ ከተደረደረበት መስተዋት አጠገብ ነው፤ አቧራ እንዳይነካውም የቤቱ እመቤት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ይለብሳል፥ አንቴናዎቹም ዳንቴሉን እንዳያነሡ ወደ ጐን ይተኛሉ። ከፍ ካለ ቦታ ይውጣ ብሎ የተሟገተ ጐረምሳ ቢኖር፥ «ተው ልጄ፥ ሽቦው ተዝረክርኮ እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል?» የሚል መልስ ያገኛል፤ በመልሱም ላይ ይግባኝ የለም። ለእውነት ለመመስከር፥ ዳንቴሉ ሙቀቱን ያፍናል እንጂ ሞገዱን አያግድም፤ የሚያግደው ቴሌቪዥኑና የመስተዋቱ ጀርባ ነው። ከዚያ ያመለጠው ሞገድ ግድግዳ ይጠብቀዋል። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ፈጣን ሆኖ ሳለ በግድግዳ ፊት ቶሎ ይደክማል፤ የ2.4ቱ ዝግተኛ ሲሆን ጭቃውን አልፎ ጓዳ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ሲገጥማቸው ግን ሁለቱም እኩል ተመላሾች ናቸው።

በሣጥኑ ግንባር ስለሚበራው ቀይ መብራት የየቤቱ መምህራን በትርጓሜ አልተስማሙም። ቀይ በራ ማለት ሒሳብ አልተከፈለም ማለት ነው፤ አንድም፥ ሕፃኑ ገመዱን ረግጦታል፤ አንድም፥ ዋናው መስመር ደሴ ላይ ተቈርጧል፤ አንድም፥ በዓለም ሁሉ ጠፍቷል። መጽሐፉ ግን፥ አብሮት የመጣውንና ማንም ያልገለጠውን ማለታችን ነው፥ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ከሣጥኑ አልደረሰም ከማለት በቀር ምሥጢር አይጨምርም። ትርጓሜው ምንም ይሁን ምን ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ከሶኬት መንቀል፥ ጥቂት መታገሥ፥ መልሶ መሰካት።

በጓዳ ላሉት ነፍሳት ያለው ተስፋ እንግዲህ ሁለተኛ ራውተር ነው። አስቀድሞ ግን ኮምፒዩተርን ከፊተኛው ሣጥን ጋር በገመድ አገናኝቶ ፍጥነቱን መመርመር ይገባል፤ እዚያም ከተጐተተ፥ የመርሳ አትክልተኛ ምንጩ በደረቀበት ዓመት አዲስ የውኃ አባት ቢሾም ብርቱካኑ እንደማይጠጣ ሁሉ፥ ራውተር መግዛት ከንቱ ድካም ነው። ፍጥነቱ በገመድ ደኅና ሆኖ በጓዳ ብቻ ከጠፋ ይገዛ። ሁለቱም ሣጥኖች ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የተባለውን አንድ አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ፥ ሁለቱም አዳይ እኔ ነኝ ሲሉ ስልኩ ለማን እንደሚገዛ ያጣል፤ ስለዚህ ወይ ፊተኛው በብሪጅ ሥርዓት የማደል ሥልጣኑ ተገፍፎ በሞደምነቱ ብቻ ይቀራል፥ ወይ ኋለኛው አድራሻው ተለውጦ፥ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የሚሉት አድራሻ የማደል ሹመቱም ተዘግቶ ተራ አሠራጭ ይሆናል። ሁለቱም ዋይፋይ የሚረጩ ከሆነ፥ በ2.4ቱ ከቻናል 1፥ 6 እና 11 የተለያየ ይያዝላቸው። መብራት በሄደ ጊዜ ይህ ሁሉ ልዩነት ይሻራል።

በብዙ ቤት ግን ሁለተኛው ራውተር የሚቀመጠው ከፊተኛው አጠገብ እዚያው ቡፌ ውስጥ ነው፤ ዳንቴልም ተሠርቶለታል። ምክንያቱ ከራውተሩ ጋር ታጥፎ የሚመጣው ገመድ ከአንድ ሜትር ብዙም አለመርዘሙ ነው። የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳልና፥ አንባቢ ሆይ፥ ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ከሳሎን እስከ ጓዳ ለክተህ ውጣ፥ ገመዱንም ከራውተሩ ጋር አብረህ ግዛ።