ከዕጣ በኋላ፦ በወረታና በፎገራ ሜዳ ስለ ባለ ዕድል አያያዝ የቀረበ ጥናት

ሎተሪ ማለት ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ከፍ ያለውን ድርሻ ለማያውቁት አንድ ሰው የሚያስረክቡበት፣ ካስረከቡም በኋላ የሚቆጩበት ሥርዓት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሕጋዊ መልክ ይዞ ሲሠራበት ኖሯል። ቲኬቱ በአዟሪ እጅ ከከተማ ከተማ እንዴት እንደሚዞር፣ ዕጣውም አዲስ አበባ በዕድል አዳራሽ ሕዝብ በተገኘበት እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ስለተባለበት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠው ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ በባለ ዕድሉ ደጃፍ የሚካሄደው ሌላው ሥራ ነው።

ለጥናቱ ወረታ ከተማና በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተንጣለለ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋው ያወረዱትን ደለል የሚያራግፉበት ምድር ነው፤ ወንዞቹ በልክ ሲሞሉ መሬቱን ያሰባሉ፣ ከልክ ሲያልፉ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላሉ፣ ልኩ የት ላይ እንደሆነ ግን ለገበሬው አስቀድሞ የሚነግረው የለም። የፎገራ ሰው ቲኬት ሳይቆርጥ በየዓመቱ ዕጣ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ፣ በወረቀት የሚወጣው ዕጣ ሲደርስ በአካባቢው የሚታየው ጠባይ የድንገት ሳይሆን የልምድ ነው።

ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሎተሪ 20 ሚሊዮን ብር የደረሰው አንድ ሰው ይወሰድ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ፣ ማለትም ያለ ድካም በአጋጣሚ ከሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ስለጣለ፣ በዚህ ስሌት 3 ሚሊዮኑ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ለመንግሥት ይቀርና ባለ ዕድሉ 17 ሚሊዮን ብር ይዞ ይወጣል። በዚህ ጥናት አመዳደብ መንግሥት የባለ ዕድሉ የመጀመሪያው ዘመድ ነው። ከሌሎቹ ዘመዶች የሚለየው ድርሻውን አስቀድሞ በጽሑፍ በማሳወቁ፣ አንድ ጊዜ ከወሰደ በኋላ በዚያው ዕጣ ተመልሶ ባለመምጣቱና፣ አዋጁ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ዕጣ ከግብር ነጻ ስላደረገው፣ ትንሽ ገንዘብ የማያጓጓው ብቸኛው ዘመድ በመሆኑ ነው። ሁለተኛዋ ባለ መብት ሚስት ናት። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘን ሀብት በመርሕ ደረጃ የጋራ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ቲኬቱን ሲቆርጥ «ገንዘብ ማባከን» ብላ የተቆጣችው ሴት የግማሹ ባለቤት ለመሆን ቁጣዋን ማንሳት እንኳ አይጠበቅባትም።

ከዚህ በኋላ ሕግ ያበቃና ሥርዓት ይጀምራል። በውጭ አገር ለባለ ዕድሎች የሚጻፉ መምሪያዎች በአንድ ድምፅ የሚያዙት የመጀመሪያ ነገር ዝምታ ነው፤ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ባለ ዕድል ስሙ እንዳይገለጽ ሕግ ይፈቅድለታል። ወረታ ላይ ግን የመንገዱ አቀማመጥ ራሱ ዝምታን ይቃወማል። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ የሚገናኙባት መስቀለኛ ስፍራ ናት፤ በዚያ ላይ ደረቅ ወደብ አላት፣ ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር የሌለው፣ ኮንቴይነርና ወሬ ግን የሚራገፍበት ወደብ ነው። ስለዚህ ጠዋት አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የተነገረ ነገር ከሰዓት በኋላ ሐሙሲት ቢደርስ፣ ወረታ ላይም ባጃጅ ቀይሮ ወደ አለምበር ቢቀጥል የሚያስደንቅ አይደለም።

ባለ ዕድሉ ምንም ባይናገርስ? ይህ ጥያቄ በአካባቢው በጥልቀት የታሰበበት ነው። ልምድ ያላቸው ታዛቢዎች ሰውየው የሚገዛውን አይመለከቱም፤ ቆርቆሮም ሆነ ጫማ ማንም ሊገዛ ይችላልና። የሚመለከቱት ማማረሩን ነው። ትናንት ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ያማርር የነበረ ሰው ዛሬ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም የሱቅ ዱቤውን ሳይጠየቅ ከከፈለ፣ ጉዳዩ እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብልህ ባለ ዕድል ማማረሩን ሳያቋርጥ ይቀጥላል የሚል መላ ሊቀርብ ይችላል፤ ችግሩ ግን የእውነተኛ ምሬት ድምፅ ከ17 ሚሊዮን ብር ጋር አብሮ ለመኖር እጅግ የሚቸገር መሆኑ ነው።

ወሬው ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተለው የዘመድ አበዛዝ የጥናቱ ዋና ማዕከል ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። በአማራ አገር ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገኖች ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ «ቤት» እዚህ ላይ ትውልድ ማለት ሲሆን፣ በሰባት ቤት ውስጥ የሥጋ ዝምድና የተገኘባቸው ወጣቶች አይጋቡም። ይህ ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የቃል መዝገብ የሚፈልግ ሙያ ነው። ዕጣ ከደረሰ በኋላ ይኸው ሙያ ምንም ማሻሻያ ሳይደረግበት አቅጣጫው ብቻ ተገልብጦ ሥራ ላይ ይውላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለ ዕድሉ እኅት ለወንድ ልጃቸው በታጨች ጊዜ «ከነሱ ጋር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የለንም» ብለው የመሰከሩ አዛውንት፣ አሁን ከባለ ዕድሉ ጓሮ ተቀምጠው «አያ እከሌ፣ ስምንተኛ ቤት ላይ ያለችው አያትህና ስምንተኛ ቤት ላይ ያለው የኔ አያት የአንድ እናት ልጆች አይደሉም እንዴ?» ቢሉ አንዱ ምስክርነት ሌላውን አያፈርሰውም፤ የመጀመሪያው ቆጠራ በሰባት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰባት ላይ የሚያቆመው አላገኘም።

የሥጋ ዝምድናው ሲያልቅ አበልጅነት ይከተላል፤ አበልጅ ማለት በክርስትና ልጅ ምክንያት የተዛመደ ሰው ነው። ቀጥሎ አብረው እድር የከፈሉ፣ እቁብ የጣሉ፣ ጽዋ የጠጡና ደቦ የወጡ ይመጣሉ። በመጨረሻው እርከን የውለታ ዘመድ የሚባለው ይገኛል፤ ይኸውም ባለ ዕድሉን አንድ ቀን በዝናብ ጊዜ ያስጠለለ፣ ጎርፍ ሲሻገር ክንዱን የያዘ፣ ወይም የስልክ ካርድ አበድሮት «ተወው» ያለ ሰው ሲሆን፣ ይህ «ተወው» የሚለው ቃል በሕግ ዕዳን የሚሰርዝ ቢመስልም በሥርዓቱ ለዘለዓለም የሚያጸና ነው። ለንጽጽር ያህል የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ የደረሰውን ሰው መመልከት ይጠቅማል፦ ዲቪ ለደረሰው ሰው ዘመድ ለትኬትና ለሕክምና ምርመራ አዋጥቶ ይሸኘዋል፣ ዘመድነቱንም ከሩቅ በስልክ ይጠብቃል፤ ገንዘብ የደረሰው ግን የትም ስለማይሄድ ለሽኝት የሚሆነውን መዋጮ ራሱ እዚያው ያዋጣል።

ስለ ስለት በአጭሩ ማንሳት ይበቃል። ስለት ማለት «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ ለታቦት የሚገባ ቃል ነው፤ ቲኬት ሲቆረጥ ዣንጥላም ጧፍም ምንጣፍም ይቀላል፣ ሲደርስ ግን ስለቱ ለየትኛው ታቦት እንደነበረ የማስታወስ ችግር ይፈጠራል። ሁሉንም በእኩል ያስታወሰ ባለ ዕድል ለሌላው ወጪ ብዙ አይተርፈውም።

ገንዘቡን ምን ላይ ማዋል እንደሚገባ የሚሰጠው ምክር ብዙ ቢሆንም፣ የሚመክሩት ሁሉ ይህን የሚያህል ገንዘብ ይዘው የማያውቁ በመሆናቸው አንድ ዓይነት ጽኑ እምነት ይታይባቸዋል። መሬት መግዛት አይቻልም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ስለዚህ ባለ ሚሊዮኑም የእርሻ መሬት የሚያገኘው እንደ ማንም በኮንትራት ወይም ምርቱን በእኩል ለመካፈል ነው። ባንክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በዝቅተኛው 7 በመቶ ወለድ 17 ሚሊዮን ብር በዓመት 1,190,000 ብር ያስገኛል፣ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. እንደሆነው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ ገንዘቡ በደብተሩ ላይ እየጨመረ በገበያው ላይ ይቀንሳል፤ ይህም ከዘመድ ሁሉ በጸጥታ የሚወስደው ዘመድ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ ዝና ያላት ናት፤ የምትሰማራበትን ሜዳ ሩዝ ስለያዘው ግን መኖዋን በግዢ መቻል ያስፈልጋል። የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ መትከል፣ ሲኖ ትራክ መግዛት፣ ባሕር ዳር ላይ ፎቅ ማቆም የሚሉትም በየቡና ጠጡ ይቀርባሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሽንኩርት ትከል የሚለው ምክር ነው። በበጋ ከርብና ከጉማራ ውሃ በፓምፕ እየተሳበ የሚለማው ሽንኩርት ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ፣ ብዙ ቀን ስለማይቆይና ዋጋውን ደላላ ስለሚቆርጠው፣ ገበሬውን አንዱን ዓመት ባለ ሞተር አድርጎ በሚቀጥለው ሞተሩን ያሸጠዋል። ስለዚህ «ሎተሪው ደረሰህ፣ እንግዲህ ሽንኩርት ትከልበት» ማለት ከዕጣ የወጣውን ሰው መልሶ ወደ ዕጣ ማስገባት ነው። በፎገራ በእርግጥ ትልቅ የሆነው ዕጣ የወጣው ማንም ቲኬት ሳይቆርጥ ነበር፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲያስተዋውቁ፣ ውሃ ይተኛበት ስለነበር ከግጦሽ በቀር ለብዙ ነገር የማይፈለገው መሬት የምርት መሬት ሆነ፣ ከጅግና ቀበሌ ስሙን ያገኘው ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዘርም በሜዳው ተስፋፋ፣ እንጀራውም ከጤፍ ጋር ሩዝ ተቀላቀለበት። ይህ ዕጣ ለሺዎች በአንድ ጊዜ የደረሰ በመሆኑ «ምን ደረሰህ?» ብሎ ዘመድ የቆጠረ አልነበረም፤ ምናልባትም ያለ ጠብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ደስታን በተመለከተ በ1978 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 22 የሎተሪ ባለ ዕድሎችን ዕጣ ካልደረሳቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽረው፣ ባለ ዕድሎቹ የጎላ የደስታ ብልጫ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም ቁርስ ከመብላት፣ ቀልድ ከመስማትና መጽሔት ከማንበብ በመሳሰሉት ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ያነሰ መሆኑን አትተዋል። የመጨረሻው ነጥብ ለዚህ ጽሑፍ አሳሳቢ ቢሆንም፣ አንባቢዎቹ አብዛኛዎቹ ዕጣ ያልደረሳቸው በመሆናቸው ጉዳቱ ውሱን ይሆናል።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ያሳያል፦ ባለ ዕድሉ ገንዘቡን የተቀበለ ዕለት ከዕጣ ተሳታፊነት ወጥቶ ራሱ የሎተሪ አስተዳደር ሆኗል። ወደ ቤቱ የሚመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ግማሽ ኩንታል ሩዝ፣ ዶሮ ወይም አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ይመጣል፣ ያም ቲኬት ነው። አንደኛ ዕጣ ለወንድም ልጅ የሚገዛ ባጃጅ ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ቤት ክፍያ፤ ቀጥሎ ተስካር ማውጫ፣ የእቁብ ዕዳ መሸፈኛና የመድኃኒት መግዣ ይወርዳሉ፤ በመጨረሻው አኃዝ የገጠመላቸው ደግሞ ምሳ በልተው የመሳፈሪያ ይሰጣቸዋል። ከብሔራዊው የሚለየው ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ ባለመገለጹና ያልደረሳቸው ወገኖች እስከ ቀበሌ ድረስ ቅሬታ ማቅረብ በመቻላቸው ነው። ብዙዎቹ ባለ ዕድሎች ይህን የአስተዳደር ሥራ ለመሸሽ «ለልጆች ትምህርት» ብለው ባሕር ዳር ይገባሉ፤ ርቀቱ ግን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሩዝ የያዘው ዘመድ ጠዋት ከወረታ ተሳፍሮ ለቁርስ ይደርሳል፣ ከሰዓትም ይመለሳል። መናኸሪያው ላይ የሚጠብቁት ጎረቤቶች «ስንት ሰጠህ?» ሲሉት «የመሳፈሪያ ብቻ» ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ የሚያምነው ግን የለም፣ ማታውኑም የሁለት ቤት ዘመዶች ወደ እሱ ዘንድ ይመጣሉ።