ውሃ ዳር በካፖርት

ቤሩት የምትሠራው የአጎቴ ልጅ እሁድ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ሜዲትራኒያን ዳር የተነሣችውን ፎቶ ላከችልን። ራምሌት አል ባይዳ የሚሉት ዳርቻ ነው፤ አሸዋው የተነፋ ዱቄት ይመስላል። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞሮ አያቴ ጋ ሲደርስ ግን እሳቸው አሸዋውንም ባሕሩንም አላዩት። ዓይናቸው ያረፈው ከልጅቷ ኋላ በቁምጣ የተጋደመ ሰውዬ ላይ ነው።

"ምን ሆኖ ነው የወደቀው?" አሉ።

"ፀሐይ እየሞቀ ነው፣ እማማ።"

"ምነው፣ ቤት የለውም?"

አልፈርድባቸውም። የደሴ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ በጉምና በጋቢ መሃል ያደገ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቆሞ ይሞቃታል እንጂ አይጋደምላትም። ሙቀት ሲያምረው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ገብቶም "ኧረ ወበቁ!" እያለ ያማርራል።

በወሬ ከሆነ ግን እንደኛ ያለ ባሕረኛ የለም። በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ወደብ የሚያደርሰው መንገድ የሚገነጠለው ኮምቦልቻ ላይ ነውና፣ ተሳቢ ሲያልፍ እያየ ያደገ ሁሉ አሰብን እንደ ጓሮው ያወራዋል። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ አሰብን ይዛ ነጻ ወጣች፤ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መንገዱን ዘጋው፤ ወሬውን ግን የዘጋው የለም። ዛሬም ቡና ሲፈላ አቦሉ ላይ አሰብ ይነሣል፣ በረካው ላይ መርከብ እንገዛለን።

ይህን ሁሉ ስናወራ፣ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሐይቅ ውሃ ጸጥ ብሎ ተንጣሏል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይወርድለታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ በማጣት እንኳ ከእኛ ጋር ይግባባል።

ሄደንስ ምን እናደርጋለን? ቆሮሶ ጠብሰው እንዲያመጡልን እናዝዛለን። ቀጥሎ በካፖርትና በተወለወለ ጫማ፣ ጀርባችንን ለውሃው ሰጥተን ፎቶ እንነሣለን። ካልሲውን ለማውለቅ የቃጣው ካለ "ተው፣ ብርድ ይመታሃል!" ይባላል። ጀልባ ላይ ከወጣንማ ወሎዬነታችን ይታያል፤ አንዱ "ያ አላህ!" ሲል ሌላው "እስጢፋኖስ ድረስልኝ!" ይላል። ዳር ስንደርስ "አብሽሩ፣ ምን አስፈራችሁ?" የሚለው ከሁሉ በላይ ሲጮህ የነበረው ነው።

ፍርሃታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገሬው ተረት አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ፣ ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት በቀር፣ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው። ያ የተረፈው መሬት ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩት እዚያ ነው። ተረቱ መሬቱን ለሴት ቢያተርፍም ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ስለዚህ ባል ተሳልሞ እስኪመለስ ሚስት ዓሣውን ትጨርሳለች፤ ፍርዱ ትክክል ነው።

ስለ ቀይ ባሕር ክርክሩ ይቀጥል፤ ቡናውም ይፍላ። ግን አንድ እሁድ ሐይቅ ውረዱና ቢያንስ ፊታችሁን ወደ ውሃው አዙሩ። ስትመለሱም የጠጣችሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ፤ ባሕር ያጣ ሰው ያለውን ሐይቅ ሲያቆሽሽ አያምርበትም።