ፊደል ያልቆጠረች አንባቢ

ልጄ ሁለተኛ ዓመቷን ካለፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ ባለበት አያድርም። ከራስጌዬ ታነሣለች፣ ገልብጣ ትይዛለች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች በራሷ ቋንቋ ታነባለች። ገጽ ስትገልጥ ምራቅ መንካት እንኳ ከእኔ ተምራለች። ይህን አይቼ በከተማችን በሞጣ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ልወስዳት ቆረጥኩ። እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ፊደል ሳትቆጥር ምን ልትሠራ ትሄዳለች?»

«እምዬ፣ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቅዳሴ ታውቅ ነበር?»

እናቴ መልስ አልሰጠችኝም፤ ግን ዳቦ በመሐረብ ቋጥራ፣ ልጅቷን ነጠላ አልብሳ ሸኘችን።

ለእናቴ ያልኳት ነገር እስከ ዛሬ የማምንበት ነው። ሕፃን ሞጣ ጊዮርጊስ ሲገባ ግእዙም ዜማውም አይገባውም። ያለቅሳል፤ እናቱ ወጣ ብላ አጥብታው ትመለሳለች። ማንም «ሲያድግ አምጪው» አይላትም። እንዲያውም ከምእመናን ቀድመው የሚቆርቡት ሕፃናት ናቸው። በመስጊድም ልጅ ሶላትን የሚለምደው ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ ሲሰግድ እያየ ነው። ቤቱ ቤቴ ነው ብሎ ያደገ ልጅ ትርጉሙን በጊዜው ይደርስበታል። መጽሐፍንም ከዚህ የተለየ አድርጌ አላየውም።

የሄድነው ሰኔ ውስጥ ነው። ባጃጅ ስንሳፈር ፀሐይ ነበረች፤ ስንወርድ ግን ደመናው በዓባይ በረሃ በኩል ጠቁሮ መጥቷል። ልጄን ከጭቃው አንሥቼ እሽኮኮ አልኳት። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ አዛውንት ናቸው።

«ልጅቱም ልትገባ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይሁን። መቼም አንባቢ አይከለከልም» አሉና መታወቂያዬን ተቀብለው ራሷን ዳበሱላት።

አዳራሹ በተማሪ ሞልቷል። ጋቢ የደረበ፣ ጆሮውን በጣቱ የደፈነ፣ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀመር የሚሸመድድ አለ። አብዛኞቹ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አላወረዱም፤ ደብተራቸውን ከቤት ይዘው የመጡት ለወንበሩ፣ ለመብራቱና ለጸጥታው ነው። መደርደሪያዎቹ ዘንድ የቆመ ሰው አልነበረም።

ልጄን ከትከሻዬ ሳወርዳት ሰው ወዳልቆመበት ወደ መደርደሪያው ሮጠች። የታችኛው መደዳ ለእሷ ቁመት የተሠራ ይመስል ተመቻት። ወፍራሙን መጽሐፍ ስትስበው ጎረቤቱ ተከተለው፣ የሱም ጎረቤት ተከተለ፣ ሲሚንቶው ላይ ተራ በተራ ወደቁ። ጎንበስ ብዬ ስለቅም እሷ ከወደቁት መካከል አንድ ያረጀ የግብርና መጽሐፍ አገኘች። ሽፋኑ ላይ ላም አለች።

«ላም! አባ፣ ላም! እምቧ!»

አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። አቅፌያት ልወጣ ስዞር ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የሞጣን የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ልጄ ደንግጣ መጮህ ጀመረች። ውጭው ጎርፍ፣ ውስጡ አጥኚ፤ ልጅ አቅፌ መካከል ላይ ቀረሁ።

ጋቢ የደረበ አንድ ልጅ ተነሥቶ መጣ። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤት ውስጥ ማጥኛ ቦታ የለንም። ያለችን ይቺው ናት» አለኝ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እውነቱን ነው። በአንዲት ክፍል ከታናናሾቹ ጋር የሚኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ አዳራሽ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ጸጥታውን መጠየቅ መብቱ ነው። መግባትም የልጄ መብት ነው። ሁለት መብት በአንድ አዳራሽ ሲጋጭ ጥፋቱን እዚያ ከነበርነው ከማናችንም ላይ አላገኘሁትም፤ የጠፋው አንዲት ጥግ ነው።

ያቺን ጥግ ለዚያ ሰዓት የፈጠረችልን ከመጨረሻው ጠረጴዛ የተነሣች ተማሪ ናት። «ሚጡዬ፣ ነይ እስቲ» ብላ ልጄን ተቀበለችኝና በሩ አጠገብ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። የላሟን መጽሐፍ ከፈተች፤ ውስጡ ግን ስለ ማዳበሪያና ስለ አፈር ነው፣ ሥዕልም የለውም። ዘጋችውና በለሆሳስ «ተረት ተረት» አለቻት። ልጄ ይህን ከአያቷ ሌት ተቀን የምትሰማው ነው። ልቅሶዋን አቋርጣ በሙሉ ጉሮሮዋ «የላም በረት!» ብላ መለሰች። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ፤ ጋቢ የደረበውም ልጅ ሣቀ። ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ተተረተ፤ ደብተሩን አጥፎ የሚያዳምጥም ነበር። ተረቱ ሳያልቅ ልጄ ወለሉን አረጠበችው። ጥበቃው መወልወያ ይዘው መጡና «ዝናቡም ገብቷል፣ የማን እንደሆነ አይለይ» ብለው ወለወሉት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ጥግ ሳላስብ አልውልም። አገራችን ለሕፃን አንባቢ ያሰበ ሰው አጥታ አታውቅም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ ከመደርደሪያው የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ቆጭቷቸው አገራቸው ገቡ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። የልጆች ክፍልም በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ አግኝቷል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በርሚንግሃም ከተማ ገና ላልተናገሩ ሕፃናት መጽሐፍ ማደል ጀምረው ወደ አገሪቱ ሁሉ አስፋፍተውታል።

ሞጣ ያለችበት ምሥራቅ ጎጃም ለመጽሐፍ ባዕድ ምድር አይደለም። ከሞጣ ወደ ብቸና በሚወስደው መንገድ ደብረ ወርቅ አለች፤ ከብቸና አለፍ ሲሉ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ የቅኔ ተማሪ ኮፈዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣበት። የኔታ ዘንድ የሚሄድ ሕፃን ስንደዶውን ይዞ ፊደል የሚለየው የትልልቆቹን ንባብ በጆሮው ጠግቦ ነው። ቃል በጆሮ ይገባል፣ ዓይን በኋላ ይከተላል፤ አባቶቻችን ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል። በቅርብ ዓመታት በክልላችን በአማራ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጦርነት ምክንያት ሲዘጉ ደግሞ ከመደበኛው ክፍል ውጭ ልጅን ከመጽሐፍ ጋር የሚያገናኝ ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይተናል።

ያ የግብርና መጽሐፍ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ። ልጄ የምታውቀውን ስታይ ነው የጮኸችው። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ የፈረሰ። ጎጃሜውና በጌምድሬው ለብዙ ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ ቆሞ መንገደኛውን በገመድ እየሳበ ያሻግር ነበር። ለሕፃን ከዚህ የሚበልጥ የሥዕል መጽሐፍ ምን አለ? ገመድ፣ ገደል፣ ከታች ትልቅ ወንዝ፣ ወዲያ ማዶ የሚስቡ እጆች። ሥዕል የሚችል አንድ መምህር በአማርኛ ቢሠራው የሞጣ ልጅ ገና ሳያነበው ያውቀዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየከተማችን ያለ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ባይኖረው ከአጥኚዎች ራቅ ያለ በረንዳ ይስጠን። ሰሌን ይነጠፍ፣ መደርደሪያው ከልጅ ቁመት አይብለጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ድምፅ ይፈቀድ። አጥኚው ጸጥታውን ሳያጣ ሕፃኑም ቦታውን ያገኛል። ሰሌኑን ከገበያ ገዝቶ ማምጣት የእኔ ድርሻ ይሁን። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ተረት የማያልቅባችሁ እናቶች፣ ሥዕል የምትችሉ ወጣቶች የየድርሻችሁን ያዙ፤ እናንተም የሞጣ ወላጆች፣ ፊደል እስኪቆጥሩ ሳትጠብቁ ልጆቻችሁን አዝላችሁ ኑ።