ወዙን ያወጣህለት ዶላር

«ሞርጋን የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ ዶላር ሳንቲም አገኘሁ። ጠቁሮ ነበር፤ በጥርስ ሳሙና ፈግፍጌ መስታወት አስመሰልኩት። ስንት ያወጣል?»

ወዙን አውጥተህለት የለ እንዴ፣ ሌላ ምን ያውጣ? ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ሰብሳቢ ብዙ የሚከፍለው ላልተነካ ፊት ነው። ሳንቲሙ ሲታተም በግፊቱ ብዛት ፊቱ ላይ ለዓይን የማይታዩ ረቂቅ መስመሮች ይቀራሉ፤ ዘንበል ስታደርገው ብርሃኑ የሚዞረው በእነሱ ነው። አንዴ ከተፈገፈጉ የሚመልሳቸው የለም። ደግሞስ ሳንቲሙ ላይ ያለችው የነጻነት እመቤት አፏን ገጥማ ነው የተቀረጸችው፤ መቼ ጥርሴን ፋቅልኝ አለችህ?

«ቢሆንም አሮጌ ነው፤ አሮጌ ውድ ነው!»

እድሜ ብቻውን ቢያስወድድ የ1881 የሳን ፍራንሲስኮ ዶላር ከዚያው ከተማ የ1893 ዶላር ይወደድ ነበር። (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው።) የፊተኛው ከ12 ሚሊዮን በላይ ታተመ፤ የኋለኛው 100,000 ብቻ። ታናሿ ታላቋን በዋጋ አስከንድታታለች። ይልቅ ጀርባውን ገልብጥና ከቅጠል ጉንጉኑ ሥር ያለችውን ፊደል ፈልግ። «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮ፣ «ኦ» ኒው ኦርሊንስ፣ ሁለት «ሲ» የኔቫዳዋ ካርሰን ሲቲ። ፊደል ካጣህ ፊላደልፊያ ነው።

«እንኳን ነገርከኝ! አንዱ 1893 ላይ ‹ኤስ› ያለበት በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው።»

ርካሽ ያደረገው ለአንተ አዝኖ መሰለህ? በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ የታተመው ፊደል የለውም፤ አጭበርባሪዎች «ኤስ» ለጥፈውበት ይሸጣሉ። ፊደሏን በማጉያ መነጽር እያት፤ ዙሪያዋ የመጣበቂያ ምልክት ካለ ተወው። ከዚያ መዝን፤ እውነተኛው 26.73 ግራም ነው፣ ዘጠና በመቶው ብር፣ የቀረው መዳብ። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው፤ ማግኔት ካልሳበውም አንተን ሻጩ እንዳይስብህ ለባለሙያ አሳይ።

«ይኼን ሁሉ ሚሊዮን ካተሙማ ሁሉም ቤት አለ በለኛ!»

የታተመውን ቆጥረህ የቀለጠውን የት ጣልከው? አሜሪካ በ1918 ባወጣችው የፒትማን ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር ቀልጧል። ከየትኛው ዓመትና ከየትኛው ማተሚያ ስንት እንደቀለጠ ደግሞ የመዘገበ የለም። የሕትመት ቁጥር ብቻ ይዞ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የልደት መዝገብ አይቶ በሕይወት ያሉትን እንደሚቆጥር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ከዚያ ሁሉ እሳት የተረፈ ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ሲያልቅ!

«ታዲያ የእኔው ከንቱ ቀረ?»

ከንቱስ አይሆንም፤ 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለበት፣ ያንን የጥርስ ሳሙና አልወሰደብህም። ሰብሳቢ የሚጨምርልህን ነው ያጣኸው። ለሚቀጥለው ግን እጅህን ታጠብ፣ በጠርዙ ያዘው፣ ሳንቲሙን አትጠበው።