ሁለቱ ሰባቶች

ግራፊክስ ዲዛይን መማር ከጀመርኩ ወዲህ ምግብ አይጣፍጠኝም። ሆዴ ደህና ነው፤ የታመመው ዓይኔ ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ ከነዳጣው የቀረበለት ሰው ቢላዋውን ያነሳል እንጂ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ያነባል? እኔ አነባለሁ። «ቁርጥ» የሚለው ቃል ውስጥ «ቁ» እና «ር» እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ተራርቀው ሳይ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አክስቴ መጀመሪያ ሰሞን ታዝንልኝ ነበር፤ በኋላ ሰለቻት። «አንተ ልጅ፣ የሚበላው ሥጋው ነው፤ ፊደሉን ለባለቤቱ ተወው!»

ከአዲስ አበባ የመጣሁት እሷ ዘንድ አርፌ የስድስት ወር ኮርስ ልማር ነው። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ አንድ ባነርና ስቲከር ማተሚያ ቤት እየሠራሁ እለማመዳለሁ። ጠዋት የተማርኩትን ከሰዓት ደንበኛ ያስረሳኛል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን ሎጎ ነበር። መምህራችን «ከአካባቢያችሁ ተነሱ» ቢለን ሁላችንም በመስኮት ወደ ውጭ አየን። ውጭ ያለው ደግሞ ዳሞታ ነው። ሶዶ የተቀመጠችው ተራራው ሥር ስለሆነ ወዴትም ብትዞር አንገቱን አስግጎ ያይሃል። በማግስቱ ክፍሉ በዳሞታ ተሞላ፤ የዳቦ ቤት ዳሞታ፣ የፋርማሲ ዳሞታ፣ የጫማ መደብር ዳሞታ። ዳሞታን ያልሳለው ንብ ስሏል። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን ያህል ቡድን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ካሰናበተ ወዲህ «የጦና ንቦች» የሚለው ቅጽል ስሙ ይበልጥ ገነነ፤ አሁን ሲሚንቶ የሚሸጠውም ንብ ይፈልጋል።

እኔ ታዲያ ከሁሉም ልብለጥ ብዬ ከኋላ ዳሞታን፣ ከፊት እንሰትን፣ ከላይ ንብን አደረግኩና ዙሪያውን በወላይታ የባህል ልብስ በዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጠመጠምኩት። መምህሩ ምንም ሳይናገር በማህተም መጠን አሳንሶ አተመና ሰጠኝ። ዳጣ ውስጥ የወደቀ ዝንብ ይመስላል።

«ሎጎ እኮ አይሱዙ አይደለም» አለኝ፤ «የተገኘው ሁሉ አይጫንበትም።»

ቀለሙም አልታዘዘኝም። ስክሪን ቀለም የሚያወጣው በብርሃን ነው፤ ማተሚያ ደግሞ በቀለም። በመካከላቸው አስታራቂ ሽማግሌ ካላስገባህ ስክሪኑ ላይ በርበሬ የነበረው ቀይ ባነሩ ላይ ምስር ወጥ ሆኖ ይወጣል። ዱንጉዛ የሚሠራው ሸማኔ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ በዓይኑ የመረጠው ክር ያው ራሱ ጨርቁ ላይ ይገባል።

ከፊደል ጋር የተጣላሁት በሠርግ ጥሪ ነው። ቤት አሳምሬ ሠርቼ በፍላሽ ወሰድኩ፤ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ሙሽሮቹ የሉም። በቦታቸው የላቲን ቅራቅንቦ ተደርድሯል። በኋላ እንደተረዳሁት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደላት ቤት ውስጥ በተከራይነት ነበር የሚያስቀምጡት። እኔም ሳላውቅ ከእነዚያ በአንዱ ጽፌ ኖሯል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት አከራዮቹ ብቅ ይላሉ፣ ተከራይ ይባረራል። ይህን የፈራ ሁሉ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በመጣው ኒያላ ይጽፋል። ሠርጉም ኒያላ፣ ተዝካሩም ኒያላ፣ የጠፋ ላም ማስታወቂያውም ኒያላ።

አንድ ደንበኛ ደግሞ «ስሜን በትልቁ ፊደል ጻፈው» አለኝ።

«በአማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለም፤ ሁሉም እኩል ነው» አልኩት፣ እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠርጌ።

«እኩል ከሆነማ ምን ቸገረህ? ሁሉንም ትልቅ አድርገው!»

ይህ ሁሉ ግን ማሟሻ ነበር። ዋናው ጉድ የመጣው በጊፋታ ሰሞን ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ስለሆነ በመስከረም ሶዶ ውስጥ ባነር ያልሰቀለ ቤት ያኮረፈ ይመስላል። ካፌ ያላቸው አንድ ጋሼ የሦስት ሜትር ባነር አዘዙ፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በወላይትኛ። «ሁለቱም እኩል ይሁኑ፤ ማንም ማንንም እንዳይበልጥ» አሉ። እሺ አልኩ እንጂ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጊፋታ በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ረዣዥሞቹ አናባቢዎች ስለሚደገሙ ስምንት ይሆናል። ሦስቱን ከስምንቱ ለማስተካከል የአማርኛውን ወደ ጎን ለጠጥኩት። አክስቴ አይታ ሳቀች። «ጊፋታ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የወፈረው?»

«ለበዓል ሥጋ በልቶ ነው» አልኳት።

ከዚያ ጋሼ በእጃቸው የጻፉትን የወላይትኛ መልእክት መተየብ ጀመርኩ። መካከል ላይ ስደርስ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰባት ቁጥር አየሁ። ኤል፣ ኦ፣ ከዚያ 77፣ ከዚያ ኦ። ወረቀቱ ግርጌ ስልክ ቁጥር አለ። «አሃ፣ ከስልኩ ሸሽተው መጥተዋል» ብዬ የስልኩን አሃዞች ቆጠርኩ፤ አሥር ሙሉ ነው። እንግዲያው ትርፍ ናቸው። በተማረ ሰው ርኅራኄ ሁለቱንም ነቅዬ ጣልኳቸው። ሌላም ቦታ አንዳንድ ሰባት ተሰንቅሮ ነበር፤ አረም ነው ብዬ አጸዳሁት። ታተመ።

ጋሼ ባነሩን ዘርግተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሰባቶቼ የት ሄዱ?» አሉኝ።

«ስህተት መስለውኝ አረምኳቸው፣ ጋሼ።»

«ቃሉ ሎኦ ነው። ሎኦ ማለት መልካም ማለት ነው። የመልካሙን ልብ አውጥተህ ነው እንዴ መልካም በዓል የምትለኝ?»

በወላይትኛ የላቲን አጻጻፍ 7 ፊደል ነው። አየሩ ጉሮሮ ላይ ቆም ብሎ ሲለቀቅ የሚሰማው ድምፅ ምልክቱ እሱ ነው። ሁለት የሆነው ደግሞ ድምፁ ስለሚጠብቅ ነው። ጋሼ ይህን ካስረዱኝ በኋላ ጨመሩልኝ። «እናንተ አማርኛ ላይ ‹አለ› ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? የሚጠብቀውን ለአንባቢ ትተዋላችሁ። እኛ ድካሙን ለጸሐፊው ሰጠነው። አንተ ደግሞ ደከመኝ ብለህ ጣልከው።»

ምን እላለሁ? እሳቸው እንደነገሩኝ እናታቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ማንበብ የተማሩት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ልጆቻቸው ደግሞ በላቲን። «እኔ መሃል ላይ ሁለቱንም ሳነብ መነጽር ገዛሁ» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሎ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ ሶዶ በተቃውሞ ተናውጣ፣ የሰው ሕይወትም አልፎ፣ መጽሐፉ ተሰብስቧል። እዚህ ከተማ ሰው ቃሉን ሲነኩበት ዝም አይልም። እኔ ደግሞ እንደ አረም ስነቅል ነው የዋልኩት።

ባነሩ በኔ ኪሣራ እንደገና ታተመ። ሰባቶቹን መመለስ ግን ሌላ ፈተና ሆነ። በአብዛኛው ፎንት ቁጥር የሚቆመው በትልልቆቹ የላቲን ፊደላት ቁመት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰባቶች በሕፃናት ሰልፍ መካከል እንደቆሙ ሁለት ዘበኞች ሆኑ። ፍለጋ ገብቼ ጆርጂያ የሚባለውን ፎንት አገኘሁ፤ የሱ ሰባት ከትንንሾቹ ፊደላት ጋር ይስተካከልና እግሩን ከመስመሩ በታች ይዘረጋል። ደስታዬ ወሰን አጣ። ይዤ ሮጥኩ።

ጋሼ አዩት። «አሁን ደግሞ ለምን ተንበረከኩ? ምን አጥፍተው ነው?» ዘበኞቹን መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ ተጠንቃቂ ሆንኩ፤ እንዲያውም አበዛሁት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ለኋላ መስታወቱ ስቲከር ሲያዘኝ በወረቀቱ ላይ 77 አየሁና በአክብሮት «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ ቃል ነው ወይስ ቁጥር?» አልኩት። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሹፌሩም አየኝ። «ስልኬ ነዋ!»

ስቲከሩን ጠንቅቄ ሠራሁ፤ ሰባቶቹን ከሌሎቹ አሃዞች እኩል አቁሜ፣ ክፍተታቸውን በዓይኔ ለክቼ። ባጃጁ ላይ ተለጠፈ። ሹፌሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየውና «ሎኦ!» አለ። መሃል ላይ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ቆም አለ፣ ጠበቀና ተለቀቀ። ሁለቱን ሰባቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

«ስልክ ቁጥሩን ብቻ» አለ ቀጥሎ፣ «ትንሽ ተለቅ አድርገው።»