አባ እንቁላል

ጥፋቱ የእጣኑ ነው። ሳሎናችን ውስጥ በአንድ ጥግ ለአሥራ አንድ ዓመት ቡና ሲፈላ፣ ከሰል ሲራገብ፣ እጣን ሲጨስ ኖሮ፣ ከረከቦቱ በላይ ያለው ግድግዳ ጥላሸት ጠጥቶ የማድቤት ጣሪያ መስሏል። ባለቤቴ በየበዓሉ በሳሙና ታሸዋለች፤ እሱ ይብሱኑ ይሰፋል። ቤቱን በሙሉ እናስቀባ እንዳይባል ደግሞ የዘንድሮ ቀለም ዋጋው አይቀመስም።

መላውን ያመጣችው ልጃችን ናት። ስልኳን ይዛ መጥታ ቪዲዮ አሳየችን። አንዲት ፈረንጅ ነጭ ግድግዳ ላይ ትልቅ ክብ ቀባች፣ ከሥሩ ወንበር አስጠጋች፣ አለቀ። ሠላሳ ሰከንድ። «እንዲህ ያለ ክብ ከቡናው ጀርባ ብናደርግ ጥላሸቱም ይሸፈናል፣ ቤቱም ያምራል» አለች። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ለሠላሳ ሰከንድ ሥራ ቀለም ቀቢ አልጠራም ብዬ ፎከርኩ።

ቀለም ቤት ገብቼ «ቡናማ ስጠኝ» አልኩ። ሌላ ከተማ ቢሆን ቡናማ ይሰጡኝ ነበር። ጅማ ግን «የትኛውን ቡና?» ተባልኩ። ልጁ እየቀለደ አይደለም። እሸቱ ቀይ ነው፤ ጀንፈሉ ጠቆር ይላል፤ የተፈለፈለው ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ የተቆላው ደግሞ እንደ ቆይዋ ነው። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰውዬ «ብዙ ሳይጠቁር ከምጣድ የወረደ በለው» ብለው ገላገሉኝ። ልጁ ጠብ ጠብ እያደረገ በእንጨት አማስሎ፣ ካርቶን ላይ ቀብቶ አሳየኝ። እውነትም ሳይጠቁር የወረደ ቡና ነው።

ክብ አሣሣል አንደኛ ደረጃ ተምሬአለሁ። መሀሉ ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ሲባጎ፣ ሲባጎው ጫፍ ላይ እርሳስ። መምህራችን ያልነገሩን ነገር ቢኖር የጭቃ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ነው። የኛ ግድግዳ ከላይ ክሬም ቢቀባም ከሥሩ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ምስማሩ አንዴ ስመታው ያለ ክርክር ገባ። ሲባጎውን ወጥሬ ሩቡን እንደዞርኩ ደግሞ ያለ ክርክር ወጣ፤ የጡጫ ያህል ጭቃና ሦስት ዘለላ ጭድ አስከትሎ። መልሼ ሰካሁትና ልጄ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችልኝ። ሲባጎው የላስቲክ ነው። ላይ ስሆን ይታዘዘኛል፤ ወደ ታች ስወርድ ክንዴም አብሮ ስለሚከብድ ይለጠጣል። ዞሬ ወደ መነሻዬ ስመለስ እርሳሴ ከጀመርኩበት አራት ጣት ወጣ ብሎ አለፈ። ሁለቱን ጫፎች በዓይን ግምት አገናኝቼ ውስጡን ሞላሁትና ራቅ ብዬ አየሁት።

እንቁላል ነው። ታቹ ሰፊ፣ አናቱ ጠበብ ያለ፣ አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን የተቆላ እንቁላል።

ወሩ ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ጅማ ላይ ቀለም ቀብቶ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ምን እንደሆነ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። በማግስቱ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ እንቁላሉ ከሥሩ ሁለት ቦታ ላብ እያንጠባጠበ ነበር።

አቦል ሲጠጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰው ሁሉ ስኒውን እያየ ይጠጣል። ቶና ላይ ጎረቤታችን ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በጣም አዝነው፣ «ምነው ልጄ፣ ቤቱ ያፈሳል እንዴ?» አሉኝ። ከአርባ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከአጋሮ የመጣው የባለቤቴ ወንድም ግን አልተስማማም። «ምን ያፈሳል ይላሉ ሐጂ፣ ይሄ እኮ ጀንፈል ነው!» አለ። የአጋሮ ሰው ፊት የቡና ነገር ከተነሳ መመለሻ የለውም። ወዲያው ወሬው ጎማ ወረዳ ጮጬ ገባ፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ስለመሆኑ፣ ካልዲ ስለሚባለው እረኛና ስለ ፍየሎቹ እንደ አዲስ ተተረከ። ግድግዳዬን ሁሉም ረሳው። በረካ ላይ አማቴ፣ እስከዚያ ዝም ያሉት፣ በትንሽ ጣታቸው ወደ እንቁላሉ እየጠቆሙ «ሆዱ አለ፤ አንገት ብቻ ነው የጎደለው። ጀበና አድርገው» አሉ።

ይህ ምክር ሌላ ከተማ ቢሆን ይሠራ ነበር። ጅማ ግን አደባባይ ላይ ትልቅ ጀበና ያቆመ ከተማ ነው። እዚህ ጀበና ማበላሸት ጎንደር ላይ ፋሲል ግንብን አጣሞ እንደ መሣል ነው። ያም ሆኖ አንገቱን ቀጠልኩ፣ በስተቀኝ አፉን አወጣሁ። እጀታውን በስተግራ ልሠራ ስል ግን መስኮቱ አለ፤ በእንቁላሉና በመስኮቱ መካከል የቀረኝ አንድ ስንዝር ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና እጀታውንም በቀኝ አደረግኩት። ሐጂ በማግስቱ መጥተው አንገታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘንብለው ካዩ በኋላ፣ «እና ይህቺ ቀጂ ቡናውን ራሷ ላይ ነው የምትቀዳው?» አሉ።

ለነገሩ እኔ ያደግኩበት ቤት ግድግዳው ጋዜጣ ነበር። እናቴ የቆየ አዲስ ዘመን በዱቄት ሙጫ ትለጥፍ ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከአልጋዬ በላይ ያለው ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከማንም ፈጥኜ አነባለሁ። ያ ግድግዳ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል እንግዳ ገጥሞት አያውቅም። የሀላባ ሰዎች ደግሞ የጎጆአቸውን ግድግዳ በሥዕል ያሳምራሉ፤ እንግዳ ገብቶ የሚያየውን ያውቀዋል። መሀል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ልጄ ልታጽናናኝ ጅሬን ወሰደችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። የእንጨቱን ሥራ እያየሁ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ አናጢዎቹ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አላዩም። ልጄ ደግሞ ያወቀችው ሌላ ነው። የጅማ ነገሥታት «አባ» ተብለው የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም እንደሆነ፣ ጅፋርም የፈረስ ስም መሆኑን ሰማች። ማታ ቡና ላይ ለጎረቤት አወራችው። ሐጂ ጊዜ አልፈጁም። ፈረስ ስለሌለኝ ባለኝ ጠሩኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «አባ እንቁላል» ነው የሚለኝ።

ላጠፋው ሞክሬአለሁ። ክሬም ገዝቼ ስቀባበት የኛ ክሬም ዕድሜና ጭስ ያበሰለው ስለሆነ አዲሱ እንደ ባንዲራ ፈክቶ ወጣ። የቀለም ቤቱ ልጅ ሌላ ክሬም ቀላቅሎ ቢሰጠኝ ወደ ሮዝ አደላ። አሁን ጀበናው ዙሪያ ሁለት ዓይነት ደመና አለ፤ የባለቤቴ ወንድም የሊሙ ጫካ ነው ብሏል።

ዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያስቆጠረ፣ ጭስ የጠጣ ክሬም ቀለም ቤቱ የተረፈው ሰው ካለ፣ አንድ ሊትር ይበቃኛል። ሰፈር ገብታችሁ አባ እንቁላል ብላችሁ ጠይቁ፤ ቡናው በኔ ነው።